ብዕር የሚያርፍባቸው ቀናት

የብራና ጸሐፊ በበዓል ቀን አይጽፍም ነበር። የሚጻፈው ዳዊትም ይሁን ወንጌል፣ አጻፊው የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ዋዜማው ሲገባ የመቃው ብዕር ይታጠባል፤ የቀለም ቀንዱ ይከደናል፤ የተጀመረው ጥራዝ በጨርቅ ተጠቅልሎ እሳትና አይጥ ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። የቀረው መሥመር በዓሉ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ይህ ሥርዓት ከእጅ ሙያው ተለይቶ የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም። ፊደል አጣጣልን፣ ቀለም አዘገጃጀትን፣ ብራና አፋፋቅን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ደቀ መዝሙር የማይጻፍበትንም ቀን አብሮ ተምሮ ይወጣ ነበር። ከጳጉሜን እስከ ጥምቀት ባለው የበዓል ሰሞን ጸሐፊ እንዴት ያርፍ፣ ለማንስ ምስጋና ያቀርብ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይቀናዋል።

የማይጻፍባቸው ቀኖች ጥቂት አልነበሩም። እሑድ በዓመት 52 ጊዜ ይመጣል። በየወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ29 የበዓለ ወልድ ግዝት አለ፤ ይህ ብቻውን በዓመት 36 ቀን ነው። ዘጠኙ ዐበይትና ዘጠኙ ንዑሳን የጌታ በዓላት፣ ከእመቤታችን 33 በዓላት አገሩ የሚያከብራቸው፣ የአጥቢያው ታቦት የሚነግሥበት ቀን ይጨመራሉ። አንዱ በዓል በሌላው ላይ እየዋለ ቁጥሩ ቢቀንስም፣ ጸሐፊው ከዓመቱ ቀላል የማይባለውን ክፍል ብዕር ሳይነካ ያሳልፍ ነበር።

«ግዝት» የሚለው ቃል ራሱ ነገሩ የምርጫ ጉዳይ እንዳልነበረ ይናገራል። በውግዘት የታሰረ ቀን ማለት ነው። በዚያ ቀን የሠራ ሰው «በዓል ሻረ» ይባላል። በብዙ የገጠር አጥቢያዎች በዓል የሻረ ሰው ጥፋት በእሱ ላይ ብቻ እንደማይቀር ይታመን ነበር። አንዱ በሚካኤል ቀን ቢያርስ በረዶው የጎረቤቱንም አዝመራ ያወርዳል ተብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ የአጥቢያው ሰው በዓል ሻሪን ይገሥጻል፣ ያስቀጣል። እምነቱን የዛሬ ሰው እንደ ፈለገ ሊመዝነው ይችላል። ለሠራተኛው የሰጠው ነገር ግን የሚናቅ አይደለም። ያረፈ ሰው ለምን አረፍክ ተብሎ አይጠየቅም፤ እሱም ራሱን በስንፍና አይወቅስም። «ሥራ ፈት» የሚለው ስድብ በዚያ ቀን ማንንም አይነካም። ዕረፍቱን ያዘዘው ከአጻፊውም ከጸሐፊውም በላይ ያለ ሥልጣን ነውና ያለ ኀፍረት ያርፋል።

የሰንበት ጉዳይ በኢትዮጵያ ብዙ የተደከመበት፣ ሰው የተሰደደበት ጉዳይ መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና እንድትከበር ሲሉ አገር ጥለው እስከ መሰደድ ደርሰዋል። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። በቤተ እስራኤል ዘንድ ደግሞ የሰንበት ክብር ከዚህም የጠበቀ ነበር። «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው የግእዝ መጽሐፋቸው ሰንበትን ሰውነት ያላት፣ በፈጣሪ ፊት ቆማ ስለ ሰዎች የምትማልድ አድርጎ ያቀርባታል። ሰንበትን ለሰው እንደምትለምን እናት አድርጎ ያሰበ ሕዝብ ዕረፍትን ከሥራ የተረፈ ሰዓት አድርጎ ሊያየው አይችልም።

ለብራና ጸሐፊ ይህ ዕረፍት ለምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚገባው ሥራውን በቅርብ ላየ ነው። አብዛኛው ብራና የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ በጠፍር ይወጠራል፤ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይላጫል፤ እስኪሰልል ድረስ በድንጋይ ይታሻል፤ ከደረቀ በኋላ ተቆርጦ ይታጠፋል። ጸሐፊው ገጹን በወስፌ እየወጋ ምልክት ያደርጋል፤ ከምልክት እስከ ምልክት ያለ ቀለም፣ በሹል ነገር ተጭኖ መሥመር ያሰምራል። የተሰመረው መሥመር የሚታየው ብርሃን በጎን ሲመታው ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ተዘጋጅቶ ለወራት ሲብላላ ይቆያል። የቀለም ቀንዱ ጫፉ መሬት ላይ ይተከልና ከጸሐፊው ቀኝ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ጽሕፈቱ ይጀመራል። ጠረጴዛ የለም። ጸሐፊው መደብ ወይም አጎዛ ላይ ተቀምጦ ብራናውን ከጉልበቱ ላይ ያስደግፋል። ቁም ጽሕፈት እንደ ስሙ ፊደል ቀጥ ብሎ የሚቆምበት፣ አንዱ ፊደል ከሌላው ሳይነካካ የሚሰለፍበት አጻጻፍ ነው። አንዲት «መ» ለመጻፍ ብዕር ብዙ ጊዜ ይነሣል፣ ብዙ ጊዜ ያርፋል። ዳዊት ብቻ 150 መዝሙር አለው። በአገሩ ልማድ በዚያ ላይ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያም ይከተላሉ። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። አንገት ይደነዝዛል፤ ወገብ ይጎብጣል፤ ዓይን በጧትና በማታ ብርሃን መካከል ይሟሟል።

የደከመ ጸሐፊ የሚሠራው ስሕተትም የታወቀ ነው። ዓይኑ ከምንጩ መጽሐፍ ላይ አንድን ቃል ይዞ ይነሣል፤ ሲመለስ ያው ቃል ሁለት ሦስት መሥመር ዝቅ ብሎ ያገኘዋልና መካከሉን ዘሎ ይቀጥላል። በብዙ ብራናዎች ኅዳግ ላይ ወይም በመሥመሮች መካከል በቀጭን ፊደል የተጨመረው ጽሑፍ የዚህ ድካም ምስክር ነው። ሌላው ስሕተት በካራ ተፍቆ በላዩ ተጽፏል፤ ገጹን ወደ ብርሃን ላነሣ ሰው የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ይታያል። ጸሐፊው በየሳምንቱና በየወሩ ብዕሩን እንዲያስቀምጥ የታዘዘው ለክብረ በዓል ነው፤ ጥቅሙ ግን ለመጽሐፉም ተርፏል። ያረፈ ዓይን መሥመር አይዘልም።

ከዓመቱ ዕረፍት ሁሉ የጠለቀው በጳጉሜን ይጀምር ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የተወጠረ ቆዳ ቶሎ አይደርቅም፤ ብራናው እርጥበት ይዞ ይለሰልሳል፤ ቤቱ ጨለማ ነው። ጳጉሜን ከ12ቱ ወራት ውጭ የቆመች፣ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ቀን የምትሆን አጭር ወር ናት። በ3 የሩፋኤል ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ልጅ አዋቂው ደጅ ወጥቶ ይመታበታል። በዚህች ወር ወንዝ ወርዶ መጠመቅ፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤት መለቅለቅ የሁሉም ነበር። የጸሐፊው ቤትም ይጸዳል። የደረቀ ቀለም ከቀንዱ ጠርዝ ይፋቃል። የደነዘው ካራ ይሳላል። ያረጁት የመቃ ብዕሮች፣ ጫፋቸው እንደ ብሩሽ የተበተነው፣ ይጣላሉ። በዓመቱ መጨረሻ መሣሪያን ማጽዳት ለመሣሪያውም ምስጋና እንደ ማቅረብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ያን መቃ በጣቱ ይዞ ወራት የከረመ ሰው ለእንጨት እንኳ ፍቅር ያድርበታል።

ከዚያ የመስከረም 1 ዋዜማ ይመጣል። ጠላው ተጠምቋል፤ ድፎ ዳቦው በኮባ ተሸፍኖ እሳት ታች ነው፤ ቄጠማው ታጭዷል። በብዙ ቦታ ማታ ችቦ ይበራል። ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ቄስ ወይም ዲያቆን ወይም ደብተራ ነበርና ሌሊቱን ከቤቱ አያድርም። እጁ ያርፋል፤ ጉሮሮው ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ ብዕር ይዞ የኖረው ጣት አሁን ጸናጽል ይይዛል፤ ጉልበቱ ላይ ብራና ሲያስደግፍ የከረመው ሰው መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ያድራል። ቅዱስ ያሬድ የዓመቱን ዝማሬ በአራቱ ወቅቶች ከፍለው ሠርተውታልና ክረምቱ ሲሸኝና መጸው ሲተካ ዜማውም ይለወጣል። ዕረፍት በዚህ ዓለም ውስጥ ምንም ሳይሠሩ መቀመጥ አልነበረም። አንዱ የሰውነት ክፍል አርፎ ሌላው የሚነሣበት፣ የጎበጠ ወገብ የሚቃናበት፣ ለብቻ ዝም ብሎ የሠራ ሰው ከብዙ ሰው ጋር ድምፁን የሚያወጣበት ነበር።

እዚህ ላይ በጸሐፊና በደራሲ መካከል የነበረው ልዩነት ይታያል። ገልባጩ ጸሐፊ በበዓል ያርፋል፤ ባለ ቅኔው ግን በበዓል ነው የሚሠራው። «ዋዜማ» የሚለው ቃል የበዓል ዋዜማም ነው፣ በዚያ ምሽት የሚቀርብ የአምስት ቤት ቅኔም ስም ነው። ጉባኤ ቃናው በሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየው በሦስት፣ ሥላሴው በስድስት፣ መወድሱ በስምንት ይሠራል። ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪ በዓሉ ሲቃረብ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ይቀመጣል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጽፈው ነገር ግን የለም። በበዓሉ ቀን ቅኔውን ይቀኛል፤ የገባው «ይበል» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያ ቅኔ ለዚያ ቀን የተሠራ ነውና ለሌላ በዓል አይደገምም። ብዙው ተረስቷል፤ ሰው ያስታወሰው ጥቂቱ ነው እስከ ዛሬ የደረሰው።

ከጸሐፊዎች ምስጋና ሁሉ ይህ ሳይልቅ አይቀርም። ባለ ቅኔው ያለውን ምርጥ ነገር አዘጋጅቶ ለአንድ ጧት ይሰጠዋል፤ ለራሱ አያስቀርም፤ ስሙን አይጽፍበትም። የበኵር ፍሬን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ገበሬ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ በየሳምንቱ ማኅሌት ተቆሞ ሲታደር፣ ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፍኖ ሳለ በየደብሩ የፈሰሰው ቅኔ ተሰብስቦ ቢጻፍ ስንት መደርደሪያ በሞላ ነበር። አለመጻፉ የሚያስቆጭ ነው። ሆኖም ምስጋና የሆነው ባለመጻፉ ጭምር ነው።

ገልባጩ ጸሐፊ በበኩሉ የሚያመሰግንበት ቦታ የመጽሐፉ መጨረሻ ነበር። የመጨረሻው መዝሙር ወይም የመጨረሻው ምዕራፍ ካለቀ በኋላ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ ጸሐፊው በራሱ ቃል ይናገራል። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች የሌላውን ቃል ሲገለብጥ ቆይቶ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው በእነዚህ ጥቂት መሥመሮች ብቻ ነው። መጀመሪያ ያስጀመረውን ያስፈጸመውን ፈጣሪ ያመሰግናል። ብዙ ጊዜ በማን ንጉሥ ዘመን፣ በማን ጳጳስ፣ በየትኛው ወንጌላዊ ዓመት እንደ ተፈጸመ ይገልጻል። ቀጥሎ ለአምስት ሰዎች ምሕረት ይለምናል፦ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ለሚያነበው፣ ለሚተረጉመውና ቃሉን ለሚሰማው። ይህ ልመና በብዙ ብራናዎች ላይ በተቀራራቢ ቃል ይገኛል።

አምስቱን አንድ በአንድ መመልከት ይገባል። አጻፊው ቆዳውን ያቀረበ፣ ጸሐፊውን ወራት ያበላ፣ እህል፣ ልብስ ወይም አሞሌ ጨው፣ በኋለኛው ዘመን ብር የከፈለ ሰው ነው። የሚያነበው ገና አልመጣም፤ ምናልባት አልተወለደም። የሚተረጉመው የግእዙን ቃል ለማያውቀው ሰው የሚያደርስ መምህር ነው። የሚሰማው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረችው፣ ነጠላዋን ተከናንባ በደጀ ሰላም የቆመችው እናት ናት። የማታነበውን መጽሐፍ ስለምትሰማ ከጸሐፊው ጋር እኩል ቦታ ተሰጣት። መጽሐፍ ማለት አንድ ሰው የሠራው ዕቃ ሳይሆን አምስት ሰዎች የተካፈሉት ማዕድ መሆኑን እነዚያ ጸሐፊዎች ያውቁ ነበር፤ የምስጋናቸውም ዝርዝር የተሠራው በዚያ እውቀት ነው።

የስም ነገር ግን ሌላም ታሪክ አለው። የባለቤቱ ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚጻፈው የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት በቀይ ቀለም ነው። መጽሐፉ በስጦታ፣ በውርስ ወይም በሽያጭ ወደ ሌላ ሲዞር አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ያስፍቅና የራሱን ያስጽፍበታል። በእጅ የያዘው ሰው ያስተውለዋል፤ ብራናው ስሙ ባለበት ቦታ ሻካራ ይሆናል፣ አዲሱ ቀለም በተላጠው ቆዳ ላይ ፈስሶ ይሰፋል፣ አንዳንዴ ከሥሩ የድሮው ስም አንድ ፊደል እግሩ ይታያል። የአንዱ ደግነት በሌላው ስም ተሸፈነ። የጸሐፊው ስም ብዙ ጊዜ ጭራሹን አልተጻፈም፤ ከተጻፈም «ኃጥእ» ከሚል ቃል ጋር ነው። እነዚያን ስም አልባ እጆች ማመስገን ለኋለኛው አንባቢ የተተወ ዕዳ ሆኖ ቆይቷል።

ኅትመት ሲመጣ ምስጋናው ወዲያው አልጠፋም። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ዳዊት ነው፤ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ታተመ። በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን ሮም በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀምጠው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ከአገራቸው ርቀው፣ በዓላቸውን ከጥቂት ወንድሞች ጋር በባዕድ ከተማ እያሳለፉ የሠሩት ሥራ ነው። ለአንባቢያን በጻፉት ማሳሰቢያ ስሕተቱን ይቅር እንዲሏቸው ይለምናሉ፤ ምክንያቱንም ይናገራሉ። ፊደሉን የሚደረድሩት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፤ ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት ደግሞ ማተም አይችሉም፤ እንግዲህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ አንዱ ሌላውን እየረዳ ተፈጸመ ይላሉ። የብራና ጸሐፊዎች የመጨረሻ ገጽ በእርሳስ ፊደል ዳግመኛ የተወለደው በዚህ ማሳሰቢያ ነው። ያላነበቡትን ያተሙ ሰዎች፣ ቋንቋውን የማያውቁት፣ ከይቅርታው ተካፋይ ሆኑ።

በአገር ቤት ኅትመት የተስፋፋው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት ደራሲዎች ብዙዎቹ ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ በኋላም ሐዲስ ዓለማየሁ ፊደል የቆጠሩት በዚያው ሥርዓት ነው፤ በዓል ምን እንደሆነ ከልጅነታቸው ያውቁታል። በታተመው መጽሐፍ ላይ ግን አንድ ነገር ቀስ እያለ ተለወጠ። «ምስጋና» የሚለው ገጽ ከመጽሐፉ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው መጣ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ለአንባቢው ግን ልዩ ነገር ነው። በብራናው ጸሐፊው የሚያመሰግነው ሥራው ካለቀ፣ አንባቢውም አብሮት እስከ መጨረሻ ከተጓዘ በኋላ ነበር፤ ሁለቱም ደክመው ሲገናኙ የሚባል ቃል ነው። በታተመው ላይ አንባቢው የማያውቃቸውን ስሞች ገና ደጃፍ ላይ ያገኛቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ገልጦ ያልፋቸዋል።

ከታተሙት ሁሉ የቀድሞውን መንፈስ የጠበቀ አንድ መጽሐፍ አለ። መንግሥቱ ለማ በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» የአባታቸው የአለቃ ለማ ኃይሉ ትዝታ ነው። ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት የሆነው ልጅ የራሱን ብዕር ለጊዜው አሳርፎ፣ ሽማግሌ አባቱ ስለ ቅኔ ቤትና ስለ መምህራኑ የሚናገሩትን በአነጋገራቸው ለዛ እንዳለ ጽፎ አስቀመጠ። የራስን ድምፅ ዝም አሰኝቶ የሌላውን ማዳመጥ ለጸሐፊ ከሚገኙት ዕረፍቶች ሁሉ ፍሬያማው ነው። ለወለደና ላስተማረ አባትም ከዚህ የበለጠ ምስጋና ምን ሊቀርብ ይችላል!

የጸሐፊውን የበዓል ዕረፍት የወሰደው ግን ጋዜጣው ነው። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው አዲስ ዘመን ስሙ ራሱ የእንቁጣጣሽ ቃል ነው። ጋዜጣ፣ ሬዲዮ፣ ቴአትር ቤት፣ በኋላም ቴሌቪዥን እየተስፋፉ ሲሄዱ በዓል የጸሐፊ የሥራ ወቅት ሆነ። «የበዓል ልዩ እትም» እና «የበዓል ልዩ ዝግጅት» የሚባሉ ነገሮች ተፈጠሩ። ግጥሙ፣ ጭውውቱ፣ የመጣጥፉ ገጽ ቀድሞ መድረስ አለበት። ስለ አደይ አበባ የሚጻፈው አደይ ገና ሳትፈነዳ በነሐሴ ጭጋግ ውስጥ ነው። ስለ ቡና ጭስና ስለ ቄጠማ የሚጽፈው ሰው ከቢሮ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ቄጠማው ተረግጦ ደርቋል። ለአንባቢና ለአድማጭ ደስታ ሲሉ የራሳቸውን በዓል በሥራ ጠረጴዛ ያሳለፉ ብዙ ናቸው፤ ውለታቸውም ትልቅ ነው። በባለ ቅኔውና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ይታወቃል። ባለ ቅኔው ቅኔውን የሚያሰማው ከምእመኑ ጋር አብሮ ቆሞ ነበር፤ ከዚያም አብሮ ይበላል።

ከጋዜጣውና ከቴአትር ቤቱ ውጭ የበዓል ጽሑፍ ሌላ ቦታም ነበረው፤ በልጆች እጅ። የመስከረም 1 ጧት ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ሲጨፍሩ ወንዶቹ የሣሉትን ሥዕል ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ወረቀቱ ከደብተር መካከል የተገነጠለ ነው። አበባው ቀይና ቢጫ፣ ቅጠሉ ከልክ በላይ አረንጓዴ፣ መልአኩ ዓይኑ ፊቱን ሊሞላ የደረሰ ነው። ከሥሩ በተጠማዘዘ ፊደል «እንኳን አደረሳችሁ» ተጽፏል፤ አንዳንዴ ወረቀቱ አልቆ የመጨረሻው «ሁ» ጠርዙ ላይ ተጣብቆ ትቀራለች። የቤቱ እመቤት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትቀበላለች፣ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ትሰካለች፣ ሳንቲም ትሰጣለች። ከብዙ ሰዓሊና ከብዙ ጸሐፊ ሕይወት ውስጥ ተፈልጎ ቢገኝ የመጀመሪያው «እትም» ይኸው ወረቀት፣ የመጀመሪያው አንባቢም ያቺ እመቤት ይሆናሉ።

በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ራሱ የአማርኛ ትልቅ ምስጋና ነው። «እንኳን አደረሰህ» ሲባል አድራሹ አይጠራም፤ ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው፤ ሰላምታውን ተቀባዩ ለብቻው አይወስደውም። ቋንቋው «ደረሰ» የሚለውን አንድ ድምፅ ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል፦ ከአንድ ቦታ ወይም ጊዜ ለመድረስና መጽሐፍ ለመድረስ። ለደራሲ «እንኳን አደረሰህ» ማለት እንግዲህ ከሌላው ሰው ይልቅ ጠልቆ ይሰማል፤ ዓመቱን መሻገርና የተጀመረውን መፈጸም በአንድ ቃል ተመርቀውለታል። «አረፈ» የሚለውም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፤ ከሥራ ያረፈውም ከዚህ ዓለም ያረፈውም በእሱ ይጠራሉ። ስለዚህ በዓል ላይ የሞቱትን ሳያነሡ መብላት በብዙ ቤት ነውር ነው። በጸሐፊው ቤትም መምህሩ ይነሣሉ፣ ብዕር አያያዝ ያሳዩት።

ከአገር ውጭ በሚኖሩ የአማርኛ ጸሐፊዎች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። መስከረም 1 በአብዛኛው በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ በዋሽንግተንም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች የሥራ ቀን ነው። የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ሲደርስ የባዕዱ የበዓል መብራት ወርዶ ሰው ወደ ሥራው ተመልሷል። ዓመት በዓሉን ለማክበር ፈቃድ መጠየቅ፣ ካልሆነም ወደ ቅርቡ እሑድ ማዛወር ግድ ይሆናል። ጸሐፊው ዕረፍት የሚያገኘው ሌላው ሕዝብ ሲያርፍ በዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በቤቱ የነቢያት ጾም ነው። ብዙዎች ያን ጸጥ ያለ ሳምንት ለመጻፍ ሳይሆን የቆየ ደብዳቤ ለመመለስ፣ አገር ቤት ላለ መምህር ወይም አሳታሚ ለመደወል ያውሉታል። የብራናው የመጨረሻ ገጽ በስልክ ይነበባል ማለት ነው።

ብራና መጻፍ ዛሬም ፈጽሞ አልቆመም። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም ቦታዎች ቁም ጽሕፈት የሚያውቁ፣ ቆዳ የሚወጥሩ፣ ቀለም የሚያበጁ ሰዎች አሉ፤ ቁጥራቸው ከቀድሞው ቢያንስም የማይጽፉበትን ቀን አይረሱም። በዓሉ ሲያልፍ፣ ደመራ ተለኩሶ ሜዳው ሲደርቅ፣ ቆዳውም መድረቅ ሲጀምር ወደ ጥራዛቸው ይመለሳሉ። መጀመሪያ አዲስ መቃ ይቆረጣል። ጫፉ በካራ ይቀረጻል፣ መሐሉ ይሰነጠቃል። ከቀንዱ ቀለም ይጠቀሳል። ብዕሩ ወደ ተጀመረው መሥመር ወዲያው አይሄድም፤ በመጽሐፉ ዳር በቀረው ባዶ ገጽ ላይ ይሞከራል። በድሮዎቹ ብራናዎች ባዶ ገጾች ላይ እንዲህ ያለ የብዕር መሞከሪያ በብዛት ይገኛል። ከሙከራው ቀለሙ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ውኃ ይጨመራል፤ መቃው ከቧጠጠ እንደገና ይቀረጻል። ከዚያ ጨርቁ ይፈታል፣ ብራናው ከጉልበት ላይ ይደገፋል፣ በዋዜማው የቆመው ቃል ይፈለጋል።